የቀጥቃጭ ቤተሰብ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፦ ከጋፋት እስከ ምናለሽ ተራ። እስቲ አርሙኝ

የወናፍ ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አባቴ ዘር ሲቆጥር ሦስት ላይ ያቆማል። ልጆች ሆነን በዓል ሲመጣ ትልልቆቹ ደርድረው ሰባት ቤት ያስቆጥሩን ነበር። የእናቴ ወገን ልጆች ሰባቱን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። እኔ በአባቴ በኩል ስጠየቅ ሦስተኛው ጋ ደርሼ ዝም እላለሁ። «ከዚያ በላይስ አባዬ?» ስለው «ከዚያ በላይ ያሉት ገበሬዎች ናቸው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ገበሬ ስም የለውም እንዴ ብዬ ሳልጠይቀው አደግሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አክስቴ ሞተች። ለቅሶ ቤት ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለጎናቸው ሰው «የቀጥቃጩ ዘር አለቀ» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ስል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ማታ ነው።

ሐሳቡ አምስት ትውልድ ነው። አንደኛው በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን የንጉሡ መድፍ በተሠራበት ጋፋት ይሠራል። ልጁ ማረሻና ጦር እየቀጠቀጠ አድዋን ያያል። የልጅ ልጁ ጣሊያን ሲገባ ጎልማሳ ነው። አራተኛው የመሬት አዋጁ ይደርስበታል። አምስተኛው አዲስ አበባ ገብቶ ምናለሽ ተራ ላሜራ ይቆርጣል፣ ለልጆቹም «አያቶቼ ገበሬዎች ነበሩ» ይላቸዋል።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ ትንሽ ላስነብባችሁ፦

«ልጁ የወናፉን ሁለት ከረጢቶች አንድ ላይ ወደ ታች ሲጫን ከሰሉ ነፍስ ዘራ። አባትየው ብረቱን ከእሳቱ አወጣና በሞርሳ አስሮ መዶሻውን አነሳ። ገበሬው ውጪ ቆሟል። ማረሻው እስኪሳልለት ድረስ ደጃፉን አያልፍም። ጸሐዩ አናቱን እየበሳው እንኳ ውኃ ስጡኝ አይልም፤ ቢሰጡትም አይቀምስም።»

የቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። ከጋፋት መጀመሬ ልክ ነው? ስድቡን እንዳለ ልጻፈው ወይስ ላለሳልሰው? ደግሞ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባትና አያት ተጠርቶ ያልቃል። አንባቢ አምስት ትውልድ በምን ይዞ ይከተለኝ?


መምህር ዘደብረ ታቦር፦

ጋፋት ከከተማችን ብዙም አይርቅም፤ ተማሪዎቼን በእግር እየወሰድኩ አሳያቸዋለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ከደጃፌ ነው የጀመርሽው። ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ እንዳትወድቂ አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ቀጥቃጭ መድፍ አያፈስም። ሴባስቶፖል ነሐስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው። ቀጥቃጭ ብረት አግሎ በመዶሻ መልክ የሚያስይዝ ሰው ነው። ሙያቸው ለየቅል ነው።

ጋፋት የነበሩት ነጮች ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ሙያተኞች ናቸው፤ ቫልድማየር የሚባለው በኋላ ትዝታውን ጽፏል። ንጉሡ ስብከቱን ትታችሁ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሞሪትዝ ሐል የተባለ ከፖላንድ የመጣ መድፍ አፍሳሽም አብሯቸው ነበር። መጻሕፍቱ እነዚህን ስሞች ይደረድሩልሻል። ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው፣ ምስማሩንና ሰንሰለቱን የቀጠቀጠው፣ ድንጋይ መፈንቀያውን የሳለው ግን ማን ነው? ያንቺ ሰውዬ እዚያ ጋ ነው የቆመው። መድፉን እሱ ሠራው ካልሽ ውሸት ይሆናል፤ ያለ እሱ መድፉ ከጋፋት ንቅንቅ አይልም ነበር ካልሽ ማንም አይከራከርሽም።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ። 1860 ዓ.ም. እንደጠባ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነገር ነው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ ነው የተሄደው፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ሲፈነቅሉ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ስድስት ወር የተጎተተ መድፍ ከጌታው ጋር መቅደላ ላይ አንድ ወር እንኳ አልቆየም። እስከ ዛሬ እዚያው ተራራ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታይው ምስሉ ነው።

እኔ ብሆን ልብወለዱን ከመድፉ አፈሳሰስ አልጀምረውም፤ ከቃጠሎው እጀምረዋለሁ። ሰውዬሽ ወናፉን በትከሻው ይዞ ከተማው ሲነድ እያየ፣ መድፉን ይከተል ወይስ ወደ ቀዬው ይመለስ ሲያመነታ።


ብየዳ ቤት፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። ግን «በሞርሳ አስሮ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ሞርሳ በቴዎድሮስ ጊዜ? ሞርሳ የጣሊያን ቃል ነው። ዕቃውም ቃሉም በኋላ የመጣ ነው። ያኔ ብረት የሚያዘው በጉጠት ነው፣ የሚመታውም መስፍ ላይ ነው። መስፉም ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ምናለሽ ተራ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ውስጥ በቀን ስንቴ ጣሊያንኛ እንደምናገር የገባኝ አንድ የውጭ አገር ሰው ስቆ ከነገረኝ በኋላ ነው። ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሎቹ ግን ከመሣሪያው ሳጥን አልወጡም። አምስት ትውልድ የምትጽፊ ከሆነ ሰዎችሽ የየዘመናቸውን አፍ ይናገሩ። የመጀመሪያው ጉጠት ይበል፤ ሦስተኛው ጉጠት እያለ ይጀምርና ፒንሳ ብሎ ይጨርስ። አምስተኛው ጉጠት ማለት ምን እንደሆነ ባያውቅ አይገርመኝም። ባሌስትራ የመኪና መሆኑንም አትርሺ። ዛሬ ገጠር ያለ ቀጥቃጭ ማረሻና ቢላዋ የሚያወጣው ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ያባቶቹ ግን የት መኪና አይተው።

ስለ አመታቱ ደግሞ። ሁለት ሰው ሲመታ ጌታው ትንሿን መዶሻ ይይዛል፣ የት እንደሚመታም በእሷ ያሳያል። ተከታዩ ትልቁን እዚያው ያሳርፋል። ጌታው ይብቃ ሲል መስፉን ባዶውን አንዴ ቀጭ ያደርገዋል፣ ያኔ ትልቁ መዶሻ አየር ላይ ይቆማል። በአፍ የሚነገር ነገር የለም፤ እዚያ ቤት ጆሮ የት አለና። የብረቱን ቀለም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ካየኸው ምታ፣ እንደ ቲማቲም ከጠቆረብህ መልሰህ ክተተው ይሉን ነበር። ቀለሙን የምናየው ጥላ ውስጥ ስለሆነ ነው ቤቱ ጨለማ የሚሆነው። ሰው ግን ጨለማውን አይቶ ሌላ ሌላ ያወራል።

ከሰሉን የወይራ አድርጊው። የወናፉን አነፋፍ እኔ አልፈርድብሽም። የእኛ ዘመን በእጅ የሚዞር ማራገቢያ ነው፣ ከብስክሌት ቸርኬ የተሠራ። ወናፍ አላየሁም።


የወናፍ ልጅ፦

መምህር፣ የቃጠሎውን ሐሳብ ሰረቅሁዎት። ጋሼ ብየዳ ቤት፣ ሞርሳው ዛሬውኑ ይወጣል። አራት ሰው አንብቦት አንዱም አላየውም ነበር!


ዝም አይነቅዝም፦

እኔ የሚገባኝ ነገር የለም። አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ባለበት ሰዓት የረሳነውን ንቀት ቆፍሮ ማውጣት ለማን ይጠቅማል? ዛሬ ማን ነው ሰውን በሙያው የሚንቀው? ብየዳ የሚሠራ ልጅ ከባንክ ሠራተኛ የተሻለ ያገኛል። አባትሽ ሦስት ላይ ያቆመው ምክንያት ቢኖረው ነው። አዋቂ ሰው የዘጋውን በር ልጅ አይከፍተውም።


ሐረጓ፦

ማን ነው የሚንቀው ላልከው እኔ ልመልስልህ፤ የእኛ ቤት።

ወንድሜ የዛሬ ስድስት ዓመት ልጅቷን ሊያገባ ሽማግሌ ሊላክ ተዘጋጀ። የተማረች ናት፣ ሥራ አላት፣ እናቴም ወዳታለች፤ ቤታችን መጥታ ሽንኩርት ከትፋ ታውቃለች። ታላቅ አጎቴ «ዘሯ ይጠናልኝ» አለ። ሁለት ሳምንት ከወዲያ ወዲህ ሲያጠያይቅ ሰነበተና መጥቶ ሳሎን ቁጭ አለ። ልጅቷን ጥሩ አይደለችም አላለም። የሴት አያቷ ምጣድ ትሠራ እንደነበር ብቻ ተናገረ፣ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ ሰማችውና ተነሥታ ቡናውን ቆላች። በዚያው ቀረ። ወንድሜም ብዙ አልታገለም፣ እሱን ይቅር የምለው አይመስለኝም።

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በምን ላይ ይመስላችኋል? በሸክላ ምጣድ። ከገበያ ስታመጣው በጎመን ዘር አሟሽታ፣ አሽታ፣ እንደ ልጅ ነው የምትይዘው። ምጣዱ ቤት ይገባል፤ የሠራችው ሴት የልጅ ልጅ አትገባም።

እህቴ፣ ስድቡን ስለመጻፍ ጠይቀሻል። የእኛ ቤት ያን ቀን አንድም ስድብ አልተሰደበም። ከቻልሽ ያንን ጻፊው።


ዝም አይነቅዝም፦

እሺ። ይህን አላውቅም ነበር።


ከቤርሼባ፦

ውይይታችሁን ሌሊት ላይ ነው ያነበብኩት። አያቴ ወለቃ ነው የተወለደችው፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው መንደር። ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ብረት። ቱሪስት ሲመጣ ትንንሽ የሸክላ አንበሳና ሰው እየሠራች ትሸጥ ነበር። መዞሪያ አታውቅም፤ ጭቃውን በእጇ ጠቅልላ እየደራረበች፣ እያለሰለሰች ነው የምታወጣው። ወንድ አያቴ ቀጥቃጭ ነው። መሬት ስላልነበራቸው ነው ሙያው የእነሱ የሆነው። የእኛ ሽማግሌዎች ከአጼ ይስሐቅ ዘመን ይጀምሩታል፤ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተባለ ይላሉ። ማረሻ ይሠራል፣ የሚያርሰው የለውም። ይህ ልብወለድሽ ውስጥ ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

እኛ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከመጡት ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ውስጥ ነን፤ በአንድ ቀን ተኩል ነው ያ ሁሉ ሰው የተጓጓዘው። እኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ እንደምትነግረኝ እዚህ እንደደረስን ሲመዘግቡን አያቴን ሙያህ ምንድን ነው አሉት። «ገበሬ» አለ። አስተርጓሚው የጎንደር ልጅ ነው፣ አያቴን ያውቀዋል፣ ቀና ብሎ አየውና ገበሬ ብሎ ጻፈ። አንድ እርሻ የማያውቅ ሰው! ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ መዶሻ አልያዘም።

አባትሽ «ገበሬዎች ናቸው» ይላል ስትይ ስልኩን አስቀመጥኩት።

አሁን የሚያስቀኝን ልንገርሽ። በዕብራይስጥ ብረት ቀጥቃጭ ናፓሕ ይባላል፤ የሚነፋ ማለት ነው። የእኛው ነፋ፣ የእኛው ወናፍ። ከታልሙድ ሊቃውንት አንዱ ረቢ ይስሐቅ ናፓሓ ነው፣ ቀጥቃጩ ይስሐቅ። ሙያው ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይኸው እስከ ዛሬ በክብር ይነበባል። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ስለዚህ ሰው ሲነግረኝ «የኛ ቅድመ አያትም ናፓሕ ነበር» አልኩት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ምን ልበለው?


አርታዒው፦

ብዙ የታሪክ ልብወለድ ረቂቅ በእጄ ስላለፈ ትንሽ ልጨክንብሽ።

ርዕሱን «ሰምና ወርቅ» እንዳታደርጊው። ታደርጊዋለሽ፣ አውቃለሁ። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ሠርቶ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ባዶው ላይ ወርቅ ያፈሳል፤ ቅኔ ቤቱ ምሳሌውን የወሰደው ከዚያ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ያንቺ ሰው አንጥረኛ አይደለም፣ ቀጥቃጭ ነው። (ቅኔ ቤቱ ቃሉን ከአንጥረኛ ተበድሮ ባለቤቱን ማዕድ አለማቅረቡ ሌላ ልብወለድ ይወጣዋል።)

ቤተሰቡን ቅዱስ አታድርጊ። እስካሁን ያነበብኩት ላይ ቀጥቃጮቹ ሁሉ ዝምተኛ፣ ጥበበኛ፣ ተበዳይ ናቸው። የማያስቀና ሰው ይኑር። ቀጥቃጩ ራሱ ፋቂውን ይንቅ፤ ቆዳ ይሸታል ብሎ ልጁን ይከልክል። የተናቀ ሰው የሚንቀው ሲያገኝ ምን እንደሚመስል እስክታሳዪን ድረስ አናምንሽም።

አምስት ትውልድ በምን ይያያዝ ላልሽው፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መዶሻ አታምጪብን። ሁሉም ያመጣታል። እኔ የሚታየኝ ደንበኛው ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጀምር። አንደኛው ላይ የንጉሥ ወታደር፣ ሁለተኛው ላይ ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ፣ ሦስተኛው ላይ ጎማው የፈነዳበት የጣሊያን ሾፌር፣ እያለ አምስተኛው ላይ የከሰል ምድጃ የምትከራከር ሴትዮ። የሚፈልጉት ይለያያል፤ ደጃፉን የሚያልፍና የማያልፈውን እየቆጠርን እንከተላለን። ስም አያስፈልግሽም።

ደግሞ ሰባት ቤት ቆጠራው። አንቺ እንደ መግቢያ ብቻ ተጠቅመሽ ጥለሽዋል። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው ይባላል። ሐረጓ የጻፈችውን ካነበብሽ በኋላ ግን ቆጠራው ሌላም ሥራ እንዳለው ግልጽ ነው። ወንፊት ነው። አባትየው ሦስት ላይ ሲያቆም የረሳ አስመስሎ ወንፊቱን እየዘጋ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ርዝመትና የወረቀት ዋጋ ሌላ ቀን።


የሽሮሜዳው፦

እኛ ሸማኔዎቹን ረሳችሁን ልበል? አባቴ ከዶርዜ መጥቶ ሽሮሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት መወርወሪያ ወረወረ። የሠራውን ጥበብ ለብሰው ሰርግ የሚሄዱት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩት ሰላም የሚሉት በግማሽ አፍ ነበር። እናንተ ስለ ቃል ስታወሩ እኔ ያሰብኩት፣ ልብሱ ጥበብ ይባላል፣ ዕውቀቱ ጥበብ ይባላል፣ ሊቁ ጠቢብ ይባላል፤ ሠራተኛው ጋ ሲደርስ ጠይብ ሆኖ ስድብ ይሆናል። አንድ ቃል በሁለት በር ገብቶ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ደጅ ተሰጠው።

በሉ ቀጥሉ። የእኔን ልብወለድ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ድሩን ከጨረስኩ።


መምህር ዘደብረ ታቦር፦

ስለ ስድቡ የተነሣው ጥያቄ መልስ አላገኘም። እኔ እንዳለ ጻፊው እላለሁ፣ ምክንያቴም አጼ ምኒልክ ናቸው።

በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁን ተማሪ ፊት ስታነቢው የሚገርመው፣ ስድቦቹን እየዘረዘረ ነው የሚከለክለው። ብረት ሠሪውን እንዲህ ትሉታላችሁ፣ ሸማ ሠሪውን እንዲህ፣ ጸሐፊውን እንዲህ፣ ነጋዴውን እንዲህ፣ እያለ ይቀጥላል። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን ያነሣል። ሠራተኛን የሰደበ እኔን ሰደበ ይላል፣ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት እንደሚታሰርም ይወስናል። ንጉሡ ስድቡን ለማጥፋት ሲሉ በአዋጅ አስነበቡት። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት የትኛው ሙያ በምን ይሰደብ እንደነበር ጥርት አድርጎ የሚነግረን እሱው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ትዕይንት ይታየኛል። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጁ ገበያ መሐል ይነበባል። ቀጥቃጩ ሕዝቡ ውስጥ ቆሟል። የእሱ ተራ ሲደርስ፣ ስድቡ በንጉሥ ቃል ጮክ ብሎ ሲነበብ፣ ዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ሊጠብቀው የወጣ አዋጅ ጠቆመበት። ከዚያ ምን ያደርግ? እሱን ላንቺ ትቻለሁ።


ዳሞት፦

አራተኛው ትውልድ ላይ እንዳትቸኩሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፣ በእጁ የሚያርስ ሁሉ መሬት ያግኝ ተባለ። እኛ አገር ቀጥቃጭ የነበረ ጎረቤታችንም ተመዘገበ። ድልድሉን የሚመሩት ሰዎች «ለአንተ መሬት ምን ያደርግልሃል፣ ማረሻ ሥራልን እንጂ» ተባባሉና መጨረሻ ላይ ድንጋያማውን ጥግ ሰጡት። አባቴ ከአካፋዮቹ አንዱ ስለነበረ ነው የማውቀው። ሰውዬው ተቀበለ። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ዘርቶ ደህና አልሆነለትም፤ እርሻ መች ተምሮ። ግን ማረሻውን የሳለው ራሱ ነበር፣ ለራሱ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይስቃል፤ እኔ ግን ምኑ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።


ብየዳ ቤት፦

አርታዒው ስለ መዶሻ ያልከው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን እኔ ልጨምርልህ። እኛ ቤት ዕቃ አይወረስም። ጉጠት ሲያረጅ እሳት ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ቆራሌው የሚያመጣልኝ ብረት ትናንት የአልጋ እግር ነበር፣ ዛሬ የመስኮት ፍርግርግ ነው። የአያቱን መዶሻ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቀጥቃጭ ካያችሁ ሥራ ያቆመ ነው።


የወናፍ ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ምዕራፍ አንድን እንደ አዲስ ጽፌ ከቃጠሎው ጀመርኩ። ገበያው ላይ የሚነበበው አዋጅም ገባ። ሐረጓ፣ ከቤርሼባ፣ ለሁለታችሁም በግል ጽፌላችኋለሁ።

ትናንት ማታ ለአባቴ ደውዬ አነበብኩለት። ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሜ አልነገርኩትም፣ የጻፍኩት ታሪክ ላንብብልህ ብቻ አልኩት። ዝም ብሎ አዳመጠ። የሚቃጠለውን ከተማ አለፍኩ፣ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው አለፍኩ፣ ስድቡንም ሳላለሳልስ አነበብኩት፣ ትንፋሹ እንኳ አልተለወጠም። ወናፉ ጋ ስደርስ «አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለቱን አንድ ላይ ከተጫንክ እሳቱ ይሞታል። ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሣል። ስታነሣ የከረጢቱን አፍ ትከፍታለህ፣ ስትጫን በመዳፍህ ትዘጋለህ። ክንድህን አታደክም፣ ከወገብህ ነው የምትወርደው። እሳቱን እንጂ እጅህን አትይ።»

ሴት ልጁ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» ብሎኝ ነው የኖረው። አላቋረጥኩትም፣ አላረምኩትም። እስኪጨርስ ጻፍኩት፣ እንዳለ፣ «ትከፍታለህ» «ትዘጋለህ» እያለ።

ከዚያ «መሽቷል» ብሎ ዘጋው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ራሱ ደወለ። ሰላምም አላለኝ፤ አራት ስም በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ «ጻፍሽው?» አለኝ። እዚህ አልጽፋቸውም። ሰባት ሞልተዋል።

ጋሼ ብየዳ ቤት፣ አንድ መልእክት አለብኝ። ለማረሻ የወይራ ከሰል ማባከን ነው፣ ግራር ይበቃዋል፣ ያ ያልሽው ሰውዬ ስለ ከሰል አያውቅም ይላል አባቴ።


ብየዳ ቤት፦

አያውቅም? ምናለሽ ተራ ይምጣና ብየዳ ቤት ብሎ ይጠይቅ። ከሰሉን ሁለቱንም ዓይነት እኔ እገዛለሁ። ወናፉን ግን እሱ ይዞ ይምጣ።